ያልታሰረ ወንበር

ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ፣ በአምስተኛው ጎዳናና በማዲሰን ጎዳና መካከል 53ኛውን መንገድ ይዞ የሚሄድ እግረኛ አንድ ቦታ ሲደርስ የሚረግጠው ነገር ይለወጥበታል። ልሙጡ የሲሚንቶ ንጣፍ ያበቃና ወደ ቀይ የሚያደላ ሸካራ ጥርብ ግራናይት ይጀምራል። ድንጋዩ ከመናፈሻው በር ላይ አልቆመም፤ የእግረኛውን መንገድ አቋርጦ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ ወጥቷል። ዛፎቹም እንደዚያው ናቸው፤ ግቢው ውስጥ ካሉት ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ ዛፎች መንገዱ ዳር ተተክለዋል። ስለዚህ መንገደኛው ልግባ አልግባ ብሎ ሳይወስን፣ የቦታውን ስም እንኳ ሳያነብ፣ ፔሊ ፓርክን ረግጧል።

ከዚያ ቀጥሎ ደረጃ አለ። የደረጃ ሥራ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሙያ ነው። ከፍታው በጣት ስፋት እንኳ ሲበዛ እግር ያመነታል፣ የደከመው ሰው መንገዱን ይቀጥላል። እዚህ ያሉት ጥቂት ደረጃዎች ዝቅና ሰፋ ብለው ስለተሠሩ መውጣት መሆኑ አይታወቅም። በግራና በቀኝ ደግሞ ለተሽከርካሪ ወንበርና ለሕፃን ጋሪ የሚሆን ተዳፋት አለ። ግቢው ከመንገዱ ትንሽ ከፍ በማለቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አላፊ አግዳሚውን እያየ፣ ራሱ ግን ከግፊያው ወጥቶ ያርፋል። የከተማ ሕይወት ተመራማሪው ዊሊያም ዋይት ይህን ደጃፍ ሲያጠና፣ ከሚያልፉት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ፊታቸውን ወደ ውስጥ እንደሚያዞሩ፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ፈገግ እንደሚሉ ጽፏል።

ስፋቱ 390 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ወርዱ 13 ሜትር የማይሞላ፣ ርዝመቱ 30 ሜትር ገደማ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቪላና ግቢው የሚያርፍበት ቦታ ማለት ነው። በሦስት ጎኑ የሕንፃ ግድግዳ አለ። ቀድሞ እዚሁ መሬት ላይ ስቶርክ ክለብ የሚባል የታወቀ የምሽት ክበብ ነበር። በክበቡ መግቢያ ላይ ባለ 14 ካራት የወርቅ ሰንሰለት ተዘርግቶ ነበር፤ በረኛው ደስ ያለውን ሰንሰለቱን አንስቶ ያሳልፋል፣ ያልፈለገውን ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1951 ጥቁሯ አርቲስት ጆሴፊን ቤከር እዚያ ገብታ ያዘዘችው ምግብ ለረጅም ጊዜ ሳይቀርብላት ቀርቶ ነገሩ የአገር መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ክበቡ በ1965 ተዘጋ፣ ሕንፃው ፈረሰ። የሲቢኤስ ቴሌቪዥን ሊቀ መንበር የነበረው ዊሊያም ፔሊ ቦታውን ለአባቱ ለሳሙኤል ፔሊ መታሰቢያ አደረገው። ሳሙኤል ከዩክሬን ተሰዶ የመጣ፣ ሲጋር በማምረት ሀብት ያፈራ ሰው ነበር፤ በ1963 ነው ያረፈው። መናፈሻው በግንቦት 1967፣ በእኛ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም.፣ ለሕዝብ ተከፈተ። ያ ሰንሰለት ተዘርግቶበት በነበረው መሬት ላይ ዛሬ ማንም ሰው፣ ምንም ሳይገዛ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ገብቶ ይቀመጣል።

ንድፉን የሠራው ሮበርት ዛየን ነው። ዛየን በ1963 ኒው ዮርክ ውስጥ በተዘጋጀ አንድ ዐውደ ርዕይ ላይ በሕንፃዎች መካከል በሚቀሩ ጠባብ ቦታዎች መናፈሻ ይሠራ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በጊዜው መናፈሻ ሲባል ሰፊ ሜዳ ነበር የሚታሰበው፤ ትንንሹ ለማስተዳደር አይመችም፣ ወጪው አያዋጣም ይባል ነበር። ዛየን ግን መናፈሻን በክፍል ደንብ አሰበው፤ ወለል፣ ግድግዳና ጣሪያ ያለው፣ ጣሪያው ግን ቅጠል የሆነ ክፍል።

ጣሪያው ሀኒ ሎከስት ከሚባል ዛፍ የተሠራ ነው። የዚህ ዛፍ ቅጠል ደቃቅና ብዙ ነው፤ ግራር የለመደ ዓይን ወዲያው ይቀበለዋል፣ በዘርም ዘመዳሞች ናቸው። ጫካ ውስጥ የሚበቅለው ረጃጅም እሾህ አለው፤ ለከተማ የተመረጠው ዝርያ ግን እሾህ የሌለው ነው። ዛፎቹ የተተከሉት 3 ሜትር ከ70 ገደማ እየተራራቁ ሲሆን፣ ይህ ለአንድ ዛፍ በጣም ጠባብ ነው። ሆን ተብሎ ነው። እርስ በርስ ሲቀራረቡ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛሉ፤ ግንዳቸው ቀጥ ብሎ ይቀጥናል፣ ቅርንጫፋቸው ከሰው ራስ በላይ ይጋጠማል። ከሥር ለጠረጴዛና ለሰው የሚበቃ ባዶ ቦታ ይቀራል። ቅጠሉ ደቃቅ በመሆኑ ፀሐይን አይዘጋም፤ ሰብሮ ያሳልፋታል። እኩለ ቀን ላይ ወለሉን የሚያይ ሰው ጥላና ብርሃን ተደባልቀው ሲንቀሳቀሱ ያገኛል። በመኸር ሲረግፍም ያ ደቃቅ ቅጠል ጠራጊውን ብዙ አያስቸግርም። ዛፉ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነውን ጨው ይችላል፣ እግር የጠቀጠቀውን አፈርም ይታገሣል። ይህን ሁሉ አስቦ አንድ ዛፍ መምረጥ ትልቅ ሙያ ነው።

በግራና በቀኝ ያሉት ግድግዳዎች ከላይ እስከ ታች ሐረግ ለብሰዋል። እኔ ከመናፈሻው ሁሉ በጣም የሚገርመኝ ይህ ውሳኔ ነው። እኛ አገር መናፈሻ ውስጥ ሲገባ ቀድሞ የሚታየው ሣር መርገጥ ክልክል መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ነው። ሰሌዳውን የሚጽፈው ሰው ክፋት የለበትም፤ ሣሩ በእርግጥም ይረገጣል፣ ይደርቃል። ዛየን ሣሩን ከወለል አንስቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። አረንጓዴው ነገር በሙሉ እግር በማይደርስበት፣ ዓይን ግን በሚደርስበት ቦታ ሆነ። ወለሉ ድንጋይ ስለሆነ የፈለገ ሰው በፈለገበት ይረግጣል፣ ወንበር ይጎትታል፣ ሕፃን ይሮጣል። ክልከላው በሰሌዳ ፋንታ በአሠራሩ ተፈታ። ሌላውንም የመናፈሻውን ሥራ እንዲህ እያነበብኩ ሄድኩ፤ ብዙ ቦታ ላይ ያው ብልሃት አለ።

ውሃውን እንውሰድ። ከመግቢያው ፊት ለፊት ያለው የኋላ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ፏፏቴ ነው። ቁመቱ 6 ሜትር ሲሆን በየደቂቃው 6,800 ሊትር ያህል ውሃ ይወርድበታል። ከመንገድ የሚታየው በዛፎቹ ግንድ መካከል የሚንቀሳቀስ ነጭ ነገር ነው፤ ሰውን ወደ ውስጥ የሚስበው አንዱ ይህ ነው። ዋናው ሥራው ግን ድምፁ ነው። ዋይት እንደለካው ፏፏቴው አጠገብ ያለው ድምፅ 75 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ውጭ መንገዱ ላይ ካለው ጫጫታ ይበልጣል። ዋይት ይህን ድምፅ ቀድቶ፣ ከየት እንደመጣ ሳይናገር ለሰዎች አሰምቷቸው ነበር። ብዙዎቹ ፊታቸውን አጨፍግገው የምድር ባቡር ነው፣ የጭነት መኪና ነው አሉ። ያው ድምፅ ግን ውሃውን እያዩ ሲሰሙት የሚያሳርፍ ሆኖ ያገኙታል። የመኪናውን ጥሩምባ ይውጠዋል፤ በየጠረጴዛው የሚወራውንም ይሸፍነዋል። ሁለት ሰዎች የግል ጉዳያቸውን ሲነጋገሩ አንድ ሜትር ርቆ የተቀመጠው ሰው አይሰማቸውም። በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ ብዙ ሰው ተቀምጦ ማንም ማንንም የማይረብሸው ለዚህ ነው። ድምፅ ዝቅ ይደረግ ብሎ ማሳሰብ ፏፏቴው ባለበት ቦታ ትርጉም የለውም።

አሁን ወንበሩ ጋ ደረስን። በቅርብ ሊታይ የሚገባው እሱ ነው።

ወንበሩን የሠራው ሃሪ ቤርቶያ ነው። ጣሊያን ውስጥ ተወልዶ በ15 ዓመቱ አሜሪካ የገባ፣ ሚሺጋን በሚገኘው ክራንብሩክ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የብረታ ብረትና የጌጣጌጥ ሥራ ያስተማረ ሰው ነው። አንጥረኛ ነበር ቢባል ያስኬዳል። ኖል የተባለው የቤት ዕቃ አምራች ይህን ወንበር ገበያ ላይ ያዋለው በ1952 ሲሆን፣ ቤርቶያ ከዚያ በኋላ የወንበር ሥራ ትቶ ወደ ቅርጻ ቅርጹ ተመለሰ። እጁ ግን እዚህ ላይ ይታያል። ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ወደ ታችና ወደ ጎን ተሻግረው፣ በተገናኙበት ሁሉ ተበይደው፣ ጀርባውንና መቀመጫውን አንድ ወጥ አድርገው ሠርተውታል። ጀርባው ከመቀመጫው ጋር በሚገናኝበት እጥፋት ላይ ዘንጎቹ አንድም ቦታ ሳይቆረጡ ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። ብየዳው የሚታየው ጣት ሲያልፍበት በምትሰማ ትንሽ እብጠት ብቻ ነው። ዙሪያውን የሚይዘው የጠርዙ ዘንግ ከሌሎቹ ወፈር ይላል። በመጀመሪያ አሠራሩ ጠርዙ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ነበሩት፤ ያ አሠራር በሌሎች ዲዛይነሮች የፈጠራ መብት የተያዘ ስለነበር በአንድ ወፍራም ተተካ። የተለወጠው በግድ ቢሆንም የጠራው ከተለወጠ በኋላ ነው፤ አንዱ ወፍራም መስመር ወንበሩን ከሩቅ ይስለዋል። የቀጫጭኖቹ ጫፍ ተሞርዶ ከጠርዙ ጋር ስለተስተካከለ ልብስ አይዝም፣ እጅ አይቧጭርም።

ለምን ይህ ወንበር? ዝናብ ያልፍበታል፤ ውሃ አይቋጥርም፣ ዝናቡ እንዳባራ በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃዋል። ዓይንም ያልፍበታል፤ ግቢው በወንበር ቢሞላ እንኳ የተጨናነቀ አይመስልም፣ ከወንበሩ ኋላ ያለው ግንድና ከግንዱ ኋላ ያለው ውሃ ይታያል። ደግሞም በአንድ እጅ ይነሳል። ልጨምርና፣ ትራስ የሌለው የሽቦ ወንበር ለረጅም ሰዓት አይመችም፤ ቀጭን ልብስ የለበሰ ሰው ጭኑ ላይ የሽቦው መስመር ይቀርበታል። ለምሳ ሰዓት ግን ከበቂ በላይ ነው፣ የተመረጠውም ለዚያ ነው።

ጠረጴዛውን የነደፈው ኤሮ ሳሪነን የቤርቶያ የክራንብሩክ ወዳጅ ነበር። ሳሪነን ኤም አይ ቲ በተባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1955 ለነደፈው የጸሎት ቤት ከመሠዊያው በላይ የተሰቀለውን የብረት ሥራ ያበጀው ቤርቶያ ነው። ሁለቱ እዚህ መናፈሻ ውስጥ እንደገና ጎን ለጎን ተገኝተዋል። ጠረጴዛው አንድ እግር ብቻ አለው፤ ከሥር ሰፍቶ ይነሳል፣ መሐል ላይ ይቀጥናል፣ ላይ ሲደርስ እንደገና ተከፍቶ ክቡን እብነ በረድ ይሸከማል። እግሩ አንድ በመሆኑ የማንም ጉልበት አይጋጭም፣ ወንበር ከየትኛውም ጎን ይገባል። ክብ በመሆኑ የማዕድ ራስ የለውም፤ ቀድሞ የመጣውና ዘግይቶ የመጣው እኩል ይቀመጣሉ። የእብነ በረዱ ጠርዝ ከሥሩ ገባ ተደርጎ ስለተጠረበ ከላይ ስስ ሆኖ ይታያል፤ ድንጋዩ ግን ስስ አይደለም።

ከሁሉም የሚበልጠው ወንበሩ ወለሉ ላይ አለመታሰሩ ነው። ዋይት በካሜራው ደጋግሞ ያየው አንድ ነገር አለ። ሰው ወደ ወንበሩ ይመጣል፣ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን ትንሽ፣ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ፣ ወደ አንድ ጎን ያንቀሳቅሰዋል፤ ከዚያ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ወንበሩ የሚያርፈው ከነበረበት እምብዛም ሳይርቅ ነው። ፀሐይ ፍለጋ አይደለም፣ ጥላ ፍለጋም አይደለም። ቦታውን የራሱ እያደረገው ነው። አጠገቡ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ ያቺ ትንሽ እንቅስቃሴ ሰላምታም ይቅርታም ናት፤ ልጠጋህ አልመጣሁም፣ ሰላምህን አልነካም ማለት ናት። ከድንጋይ የተሠራ አግዳሚ ይህን ዕድል አይሰጥም። በአግዳሚ ላይ ርቀቱን የሚወስነው ንድፍ አውጪው ነው፣ ያውም ሰዎቹን ሳያያቸው። እዚህ ግን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ወንበራቸውን ያራርቃሉ፣ ሲታረቁ ያቀራርባሉ፤ አምስት ሰዎች ሲመጡ ከየቦታው ሰብስበው ክብ ይሠራሉ፤ ብቻውን መሆን የፈለገ ወደ ሐረጉ ግድግዳ ዞሮ ይቀመጣል። ይህ እምነት ነው፣ ዋጋም አለው፤ ወንበር ሊወሰድ እንደሚችል እያወቁ ሳያስሩ መተው ነውና።

መግቢያው ላይ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ ቤቶች አሉ። አንዱ የፏፏቴውን የውሃ ማሽን ይይዛል፣ ሌላው መክሰስና መጠጥ የሚሸጥበት ኪዮስክ ነው። ምግብ ያለበት ቦታ ሰው እንደማያጣ ዛየን ከመጀመሪያው አስቦበት ነበር። ምግቡን ከቤት ይዞ የመጣም ጠረጴዛ አይከለከልም። የቦታው ዋና ሕግ አንድ ነው፤ ሲመሽ በሩ ይዘጋል። መሬቱ የግል ነውና ሰዓቱን የሚወስነው ባለቤቱ ነው፤ ከምሽት ሥራው ወጥቶ አሥር ደቂቃ ማረፍ የሚፈልግ ሰው ግን ቦታ ያጣል። እኔ ይህን አልወደውም። ቢሆንም በቀን የሚደረገው ጥበቃና ጽዳት ከዚህ ጋር አብሮ መቆጠር አለበት። በ1999 መናፈሻው እንደገና ሲሠራ ያው ንድፍ፣ ያው ዛፍ፣ ያው ወንበር ተመልሶ ነው የተተከለው። እናሻሽለው የሚለውን ፈተና ማለፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ፔሊ ፓርክ በአንድ ባለጸጋ ፈቃድ የቆመ ነው። ሌላው የከተማው ክፍል እንዲህ ያለ ፈቃድ አልገጠመውም። የኒው ዮርክ ከተማ በ1961 ባወጣው የግንባታ ደንብ መሠረት፣ ሕንፃው ሥር ለሕዝብ የሚሆን ደጅ የተወ ባለሀብት ለተወው ለእያንዳንዱ ካሬ ጫማ እስከ 10 ካሬ ጫማ ተጨማሪ ወለል ወደ ላይ እንዲሠራ ይፈቀድለት ነበር። ብዙዎች ደጁን ተዉት፤ ግን ባዶ ንጣፍ ነው የተዉት። መቀመጫ የለም፣ ዛፍ የለም፤ ሰው እንዳይቀመጥበት የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ሹል ብረት የተከሉም ነበሩ። ዋይትና ባልደረቦቹ ፔሊ ፓርክን ከነዚህ ደጆች ጋር እያነጻጸሩ፣ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው የሚለውን ቀላል የሚመስል ነገር በቁጥር አስደገፉት። በ1975 ደንቡ ተለወጠ። ለእያንዳንዱ 30 ካሬ ጫማ ደጅ አንድ ጫማ ርዝመት ያለው መቀመጫ፣ ዛፍም፣ እንዲሁም በቦታው ለሕዝብ ምን ምን እንደተሰናዳ የሚናገር ሰሌዳ ግዴታ ሆነ። በ2007 እና ከዚያ በኋላ የተሻሻለው ደንብ ደግሞ መቀመጫ ላይ ሹል ነገር መትከልን ከለከለ። የክልከላ ሰሌዳውንም ልክ አበጀለት፤ ባለሕንፃው የሥነ ምግባር ደንብ መለጠፍ ይችላል፣ ነገር ግን ሰው ቆየት ብሎ እንዳይቀመጥ፣ እንዳይበላ፣ አልኮል ያልሆነ መጠጥ እንዳይጠጣ፣ ጥቂት ሆኖ እንዳይሰበሰብ ሊከለክል አይችልም። ስለ ክልከላ የተጻፈ ክልከላ መሆኑ ነው። እንደ ወንበሩ ሽቦ ሁሉ ይህም በጥንቃቄ የተሞረደ ሥራ ነው።

ሰሌዳው ጌጥ አይደለም። ማንሃተን ውስጥ በአንድ ፎቅ ሥር ባለ ደጅ የሚያልፍ ሰው፣ ቦታው የሚከፈትበትን ሰዓትና ሊኖሩት የሚገቡትን ነገሮች ሰሌዳው ላይ አንብቦ፣ ቀና ብሎ ማመሳከር ይችላል። በቀኑ ሰዓት በሩ ተቆልፎ ካገኘ፣ ወይም የተጻፈው ወንበር ተነስቶ ካጣ፣ 311 ደውሎ ለከተማው አስተዳደር ያመለክታል፤ ባለሕንፃው ፎቁን የሠራው በዚያ ወንበር ልዋጭ ነውና መመለስ ይገደዳል።